ፈረሱን ማን ይቀልባል?

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሁለት ወር አላባክንም፣ ጓደኛዬንም አላስቀይምም ነበር ብዬ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ አንድ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን የሚና ጨዋታ እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ አንድ የፈጠራ ገጸ ባሕርይ ሆኖ፣ ዳይስ እየጣለ ታሪኩን የሚቀጥልበት ጨዋታ ነው። ዓለሙን የምፈጥረውና ታሪኩን የምመራው አጫዋች እኔ ነኝ። መጀመሪያ የሞከርነው አንድ አዳራሽ ነበር። ጥበቃው ዳይሱን ሲያይ «እዚህ ቁማር አይቻልም» ብሎ አስወጣን። ብናስረዳው፣ ብናስረዳው አልሰማም። እስካሁን ያናድደኛል።

የጨዋታውን ምናባዊ አገር ካርታ በአንድ ቀን ሣልኩ። ከተሞቹንና ወንዞቹን በሁለት ማታ ጨረስኩ። እዚያ ላይ ችግር አልነበረም።

ችግሩ በዚያ አገር ውስጥ የፈጠርኩት የፈረሰኛ ተዋጊዎች ማኅበር ላይ ነው። ጓደኛዬ ያመጣው የጨዋታ መመሪያ እንዲህ ያለ ማኅበር ስትሠራ ከመሐላው ጀምር ይላል። ጀመርኩ። ነጭ ካባ፣ የጋሻ ምልክት፣ አራት ገጽ መሐላ፣ የማዕረግ ስም። ሐሳቤ ንጉሡ ጨካኝ ሲሆን ማኅበሩ እምቢ እንዲለው ነበር። አራቱንም ተጫዋቾች አባል አደረግኳቸው።

ዝናብ የሚጥልበት ማታ ነበር፤ ሁላችንም ጋቢ ለብሰናል። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሚመጣው ልጅ የቡና ስኒውን አስቀመጠና «የነዚህን ፈረሶች ገብስ የሚችለው ማነው?» አለኝ። አባቱ ጋሪ ነበራቸው፤ አንድ ፈረስ በሳምንት ስንት ፉርሽካ እንደሚጨርስ እያየ ያደገ ልጅ ነው። እኔ ጨዋታው እንዳይቆም ብዬ «ንጉሡ» አልኩ። ጥፋቴ ይቺ አንዲት ቃል ናት።

በሦስተኛው ሳምንት ንጉሡ ግብር የከለከለ መንደር እንዲያቃጥሉ አዘዘ። እምቢ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ሦስቱ ተስማሙ። «እንጀራችን ከሱ ነው፤ ምን አማራጭ አለን?» አሉ። ልክ ነበሩ። አራተኛዋ ልጅ ግን ገጸ ባሕርይዋ የተወለደችው እዚያ መንደር ነው። ስለ እናቷ ቤት፣ ስለ ጓሮው ጌሾ ሳይቀር ጽፋ ነበር። ዳይሱ ተጣለ፣ መንደሩ ተቃጠለ። ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ሁለት ቅዳሜ ቀረች። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ መውጫ አላስቀመጥኩላትም።

ከዚያ ታሪኩን ማንበብ ያዝኩ። ቴምፕላሮች የሚባሉት የመስቀል ጦርነት ዘመን መነኩሴ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1119 ገደማ ኢየሩሳሌም ሲመሠረቱ የድህነት መሐላ ነበራቸው። ግን ደንባቸው ለአንድ ናይት፣ ማለትም ለባለ ማዕረግ ፈረሰኛ፣ እስከ 3 ፈረስ ይፈቅዳል። ያን ሁሉ የቀለበው በስጦታ ያገኙት መሬት ነው። በ1139 ደግሞ የሮማው ጳጳስ ኢኖሰንት 2ኛ ከአሥራት ነፃ አደረጓቸው፤ ተጠሪነታቸውም ለጳጳሱ ብቻ ሆነ። ንጉሥ አያዛቸውም፣ የአገሩ ኤጲስ ቆጶስም አያስገብራቸውም። የፈረንሳዩ ፊሊፕ 4ኛ የነሱ ባለ ዕዳ ነበር፤ በ1307 አሰራቸው፣ በ1312 ማኅበሩ ፈረሰ። በ1348 በእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ የተቋቋመው የጋርተር ማኅበር ግን ንጉሡ ለመረጣቸው የሚሰጠው ክብር ነው። እኔ ቴምፕላር የሠራሁ መስሎኝ የሠራሁት ጋርተር ነበር።

ነገሩ ለኛ አገር ሰው ባዕድ አይደለም፤ ጉልት እኮ እናውቃለን። የአንድን አገር ግብር ለገዳም ወይም ለወታደር መስጠት ነበር። በድሮ የጉልት ጽሑፎች ላይ «ይህን የነጠቀ የተወገዘ ይሁን» የሚል እርግማን አለ። እኔም ለማኅበሩ ከሞተች ንግሥት ሰባት መንደር ጉልት ሰጠሁት፣ ከነግዝቱ። አሁን ንጉሡ መንደሮቹን ይፈልጋል፣ ግዝቱን ይፈራል። ጠቡ ራሱ መጣ።

መመሪያው ምንም ይበል፣ መሐላውን መጨረሻ ላይ ጻፉ። መጀመሪያ ገብሱ ከየት እንደሚመጣና ማን ሊያዛቸው እንደማይችል ወስኑ። ሁሉንም ተጫዋች ደግሞ ናይት አታድርጉ። ቴምፕላሮች ውስጥ እንኳ ነጭ ካባ የሚለብሱት ጥቂቶቹ ነበሩ፤ ሌላው ጥቁር ወይም ቡናማ ለብሶ ፈረስ የሚጠብቅ፣ እርሻ የሚያሳርስ ነው። አንዱ አባል ይሁን፣ አንዱ ገባር፣ አንዱ የኤጲስ ቆጶሱ ጸሐፊ። ያኔ ጠረጴዛው ላይ እውነተኛ ክርክር ይነሳል።

ልጅቷን ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። መንደሩ እንዳልተቃጠለ ቆጥረን ወደ ኋላ እንመለስ አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ መጣች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ያ መንደር አሁን የማን ጉልት ነው?» አለችኝ።

«የማኅበሩ።»

«እንግዲያው ገብሱን የምሰፍርላቸው እኔ ነኝ» ብላ አዲስ ወረቀት አወጣች።