ገበያ ስትገባ ብቻ ሂት የምታደርግ መኪና

መኪናችሁ ሂት ካደረገች ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር አስታውሱ። መቼ ነው የሞቀችው? ቆማ ነው፣ ዳገት ላይ ነው፣ ወይስ ገና እንደተነሳች? ግማሹ መልስ እዚያ ውስጥ አለ።

የእኔ አሮጌ ኮሮላ ወደ አጋሮ ስንሄድ የሙቀት ቀስቷ ከመሃል ንቅንቅ አይልም። ጅማ መርካቶ ገብታ ከባጃጅ ኋላ ቀስ እያለች መሄድ ስትጀምር ግን ቀስቱ ወደ ቀዩ መውጣት ይጀምራል። በዚያ ላይ ውሃ ታጎድላለች። መሬት ላይ ግን የፈሰሰ ነገር አይታይም።

ምክር እንደሆነ ሞልቷል። አንዱ "ቴስታታው ተበልቷል፣ ይከፈት" አለኝ። ሌላው "ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ እዚህ አገር አያስፈልግም" አለኝ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ቴርሞስታት ደግሞ ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዲያልፍ የሚከፍት ቫልቭ ነው። ጎረቤቴ ጋሼ ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ የጭነት መኪና ይዘው ጊቤ በረሃን ሲወርዱና ሲወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና፣ "ልጄ፣ ስትሮጥ ካልሞቀች ውሃው እየዞረ ነው። ያጣችው ንፋስ ነው" አሉኝ።

ነገሩ እውነት ነው። መኪና ስትሮጥ ንፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርዳል። ስትቆም ወይም ስታዘግም ያ ሥራ በሙሉ ፋኑ ላይ ይወድቃል። ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኖ ወይም ዋተር ፓምፑ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ችግሩ የሚታየው ዳገት ላይ ነው። ከጊቤ ድልድይ ወደ አባልቲ የሚያስወጣው መንገድ ለዚህ ዋና መፈተኛ ነው። የእኔዋ ያንን ዳገት በሰላም ትወጣለች።

ሥራውን የጀመርኩት ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ከበረደ በኋላ ነው። በዚህ ጉዳይ ድርድር የለም። የጋለ ራዲያተር ክዳኑ ሲከፈት በግፊት ታፍኖ የቆየው ውሃ በአንዴ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል። ጨርቅ ጣል አድርጎ መክፈት መፍትሔ አይደለም። መጠበቅ ብቻ ነው።

ኮፈኑን ስከፍት መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው የላይኛው ማኒኮቶ፣ ማለትም ሞተሩንና ራዲያተሩን የሚያገናኘው የጎማ ቱቦ ነበር። ሁለት ጣት ጨብጦ እንደያዘው ጠፍጣፋ ሆኗል። ክዳኑን ሳላላው "ፍስስ" ብሎ አየር ሳበና ማኒኮቶው ተመልሶ ክብ ሆነ። ራዲያተሩ ጎድሏል። ጎኑ ያለው የውሃ መያዣ ፕላስቲክ ደግሞ እስከ አፉ ሞልቷል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ክዳኑን ተራ ክዳን ያደርገዋል። ክዳኑ ሁለት ሥራ አለው። ውሃው ሲሞቅ በስፕሪንጉ ግፊት ይይዛል፣ ግፊቱ ካለፈ ወደ ፕላስቲኩ ያስወጣል። ሞተሩ ሲበርድ ደግሞ ሥሩ ባለችው ትንሽ ቫልቭ የወጣውን ውሃ መልሶ ያስገባል። የእኔ ክዳን ቫልቯ በዝገትና በጭቃ ተጣብቃ ነበር። ጎማውም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስለዚህ ውሃው ይወጣል፣ ተመልሶ ግን አይገባም። የጠፋው ውሃ ምስጢር ይኸው ነው።

ጅማ ላይ ደግሞ ይህ ክዳን የበለጠ ያስፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1780 ሜትር ገደማ ናት። ከፍታ በ300 ሜትር ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እኛ ጋ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል ማለት ነው። የብዙ መኪኖች ፋን ደግሞ የሚነሳው ከ90 ዲግሪ በላይ፣ እዚያው አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ፋኑ በወጉ ሥራ ሳይጀምር ውሃው መፍላት ይጀምራል። 0.9 (የሚይዘው ግፊት በባር) የሚል የተጻፈበት ደህና ክዳን ግን መፍያውን ወደ 115 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ስትገዙ በአሮጌው ላይ ያለውን ቁጥር አይታችሁ ያንኑ ግዙ። ከፍ ያለ ግፊት የሚይዝ ክዳን "ይሻላል" ብሎ መግጠም ያረጀ ማኒኮቶን ያፈነዳል።

ክዳኑ ተቀየረ። ውሃ መጉደሉ ቆመ። መርካቶ ላይ መሞቁ ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ወደ ንፋሱ ሄድኩ። በባትሪ መብራት ራዲያተሩን ከፊት ሳየው ንጹህ ይመስላል። ከፊቱ ካለው የኤሲ ኮንዴንሰር ጀርባ ሳበራ ግን ክፍተቱ በጭቃ ተለስኗል። ጭቃው ውስጥ የቡና ገለባ አለ። በክረምት የሰቃን መንገድ ከጭነት መኪና ኋላ የሚነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ያጠብኩት ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በቀስታ በሚወርድ የጎማ ውሃ ነው። ከፊት ብትረጩት ቆሻሻውን የበለጠ ታስገቡታላችሁ። የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ ደግሞ ቀጫጭኖቹን ክንፎች ያጣጥፋቸዋል። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከዚያ ፋኑ። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ቀላል መፈተኛ አለ። ቁልፉን አብርታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ የፋን ስዊቹን (ውሃው ሲሞቅ ፋኑን የሚያስነሳውን) ሶኬት ብትነቅሉት ፋኑ መዞር አለበት። በሌላ መኪና ላይ ግን አሠራሩ ስለሚለያይ የመኪናችሁን እወቁ። የእኔው ነቀልኩት፤ ዝም። ፊውዙ ደህና ነው። ቀጥሎ ሁለት ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ወደ ፋኑ ሞተር ወሰድኩ። ፋኑ ግማሽ ዙር ዞረና ቆመ። የካቻቢቴውን እጀታ ይዤ የሞተሩን ጀርባ ኳ፣ ኳ ሳደርገው እየተንቀጠቀጠ ተነሳና መዞር ጀመረ።

ጋሼ በአጥር ላይ ሆነው ያዩ ነበር። "ካርቦኑ አልቋል በለኛ!" አሉ።

"እንዴት አወቁ ጋሼ?"

"ሲመቱት የሚነሳ ሞተር ሌላ ምን ሊሆን ነው? ዛሬ ይነሳል፣ ነገ ገበያ መሃል ይተኛብሃል።"

ፋኑን ከነቅርጫቱ ፈትቼ ሞተር የሚጠቀልል ኤሌክትሪሺያን ጋ ወሰድኩት። ሲከፈት ለሞተሩ ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፉት ሁለት ካርቦኖች አንዱ አልቆ ከሽቦው ሥር ያለች ጉርድ ብቻ ቀርታለች። አዲስ ካርቦን ገባለት። ወደ ቤት መልሼ ከባትሪ ጋር ሳገናኘው ከወንበሬ ላይ ጨርቅ ሊያነሳ ምንም አልቀረው። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር።

ስለ ቴስታታውም ዝም ብዬ አላለፍኩም፤ እሱ ከሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። በበረደ ሞተር ክዳኑን ከፍቼ አስነሳሁና ውሃውን አየሁ። የቴስታታ ጋስኬት (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ከተበላ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል። ክዳኑ ሲዘጋ ደግሞ የላይኛው ማኒኮቶ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሁለቱም አልነበሩም። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ግን ትንሽ ነጭ ነገር ነበር። እዚህ ተጠንቀቁ። በእኛ እርጥብ አየር፣ አጭር አጭር መንገድ ብቻ በሚነዳ መኪና ላይ ትንሽ ነጭ እርጥበት ክዳኑ ሥር መያዙ የተለመደ ነው። የዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ቡና በወተት የሚመስል ከሆነ ግን ወደ ጋራዥ ሂዱ። በጠዋት ከጭስ ማውጫው የሚወጣ እንፋሎትም እንደዚያው፤ ሞተሩ ሞቆም ካላቆመ ነው የሚያሳስበው።

ቴርሞስታቱን በድስት ቀቀልኩት። 82 የሚል አለበት፤ መከፈት የሚጀምርበት ሙቀት ነው። በክር አንጠልጥዬ፣ ድስቱን ሳይነካ፣ ውሃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት ጀመረ። ሙሉ በሙሉ ግን አልተከፈተም። ይህን አይቶ "ተበላሽቷል" ብሎ መጣል ይቻላል። ግን ሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ሲደርስ ነው፤ የጅማ ድስት ደግሞ እዚያ አይደርስም። በሚገባ መከፈት ከጀመረና ሲበርድ ጥርቅም ብሎ ከዘጋ ደህና ነው። መልሼ ገጠምኩት። አውጥቶ መጣል የሚሉትን አልስማማም። ሞተሩ ሁልጊዜ እንደበረደ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። በአንዳንድ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ የማለፊያ መንገዱንም የሚዘጋ ነው። እሱ ከሌለ የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። እንዲያውም ሊብስ ይችላል።

በመጨረሻ ውሃውን ቀየርኩ። ከራዲያተሩ የወጣው ቀይ አፈር የመሰለ ዝገት ነበር። "ጅማ በረዶ የለም፣ ኩላንት ለምን?" የሚል አለ። ኩላንት ዝገት ይከለክላል፣ ፓምፑን ያለሰልሳል፣ መፍያውንም ከፍ ያደርጋል። እኔ ኩላንቱን በባትሪ ውሃ ግማሽ በግማሽ ቀላቀልኩት፤ አሲዱን ሳይሆን ንጹሁን የተጣራ ውሃ ማለቴ ነው። ስትሞሉ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁሙ። በጅሬን በኩል እንደዚህ ያለ ቦታ አይጠፋም። የውስጥ ማሞቂያውን ሙሉ ክፈቱት፣ ቀስ ብላችሁ ሙሉ፣ ማኒኮቶውን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። አረፋው ሲቆምና የታችኛው ማኒኮቶ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል፣ አየሩም ወጥቷል። ውስጥ የቀረ አየር ሁሉን ነገር የቀየረ ሰው እንኳ ተመልሶ እንዲሞቅበት ያደርጋል።

የወጣውን አሮጌ ኩላንት ግቢ ውስጥ አታፍስሱት። ጣፋጭ ነው፣ መርዝ ነው። ውሻም ድመትም ይልሰዋል፣ ልጆችም ቀለሙ ያጓጓቸዋል። በጀሪካን ከድናችሁ አስቀምጡት።

አሁን መርካቶ በገበያ ቀን ቀስቱ መሃል ላይ ነው የሚቆመው። ከፍ ሲል ፋኑ ሲነሳ ይሰማኛል፣ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። የሚቀረኝ ዋተር ፓምፑ ነው። ሥሩ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ አካባቢ የደረቀ የኩላንት ነጠብጣብ አለ። እስካሁን እርጥበት የለውም። አዲስ አበባ ከመሄዴ በፊት ግን ችንጋውን ፈትቼ የፓምፑን ፑሊ በእጄ ወዝወዝ አደርገዋለሁ። ከተነቃነቀ ፓምፑ ይቀየራል፣ ጊቤንም የምወርደው ከዚያ በኋላ ነው።