የድሮኔ ሁለተኛ ዓይን

አሁን ከበረራ መመለሴ ነው። ድሮኗ አጠገቤ ናት፤ ክንዶቿ ታጥፈዋል፣ ሞተሮቿ ገና አልቀዘቀዙም።

ዲጄአይ ኤር 3ን ከገዛሁ ቆየሁ። ስገዛት ቀልቤን የሳበው የካሜራዋ 48 ሜጋፒክስልና በአንድ ባትሪ 46 ደቂቃ መብረሯ ነበር። የሥራዬን መልክ የለወጠው ግን ሁለተኛው ሌንስ፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው ባለ 70 ሚሊሜትሩ ቴሌ ነው።

በሰፊው ባለ 24 ሌንስ ስቀርጽ ልማዴ ከፍ ማለት ነበር። ከፍ ባልኩ ቁጥር ዛፉም ቤቱም መሬት ላይ ይለጠፍና ካርታ ይመስላል። በ70ው ግን ዝቅ ብዬ፣ ራቅ ብዬ ነው የምቀርጸው። ዛሬ ኮረብታ ጫፍ ላይ ብቻዋን የቆመች ዛፍ አገኘሁ። ድሮኗን ወደ ጎን ቀስ አድርጌ ስነዳት ዛፏ ስክሪኑ ላይ ተንሸራተተች፤ ከኋላዋ ያለው ተራራ ግን ንቅንቅ ያለ አይመስልም። ገዝፎ፣ ተጠግቷት ቆሟል። የሁለቱም ሌንሶች ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ እኩል ስፋት ስላለው ቴሌው የይስሙላ አይደለም።

አፐርቸሩ፣ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ግን አይቀየርም። ሰፊው ኤፍ 1.7፣ ቴሌው ኤፍ 2.8 ነው (ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል)፤ አለቀ። ዛሬ በሰፊው ሌንስ ያለ ፊልተር ሹተሩ፣ እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/3200 ሰከንድ ላይ ወጣብኝ። በሰከንድ 25 ፍሬም ስቀርጽ የምፈልገው 1/50 ነው፤ አለዚያ እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል። ኤንዲ 64 የምትባለውን ብርሃን ቀናሽ ፊልተር በሁለት ጣት ይዤ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ገጠምኳት። ብርሃኑን በ64 እጅ ቀንሳ ልክ 1/50 ላይ አሳረፈችኝ። ወደ ቴሌው ስቀይር ምስሉ ጨለመ፤ አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ አደረግኩ። አየር ላይ ፊልተር አይቀየርም። ስለዚህ አሁን በየትኛው ሌንስ እንደምቀርጽ የምወስነው ሳልነሳ ነው።

46 ደቂቃው ነፋስ በሌለበት የተለካ ነው። አንድ ቀን ነፋሱ ከኋላ እየገፋልኝ ሳይታወቀኝ ራቅኩ። መልሱ ፊት ለፊት ሆነ። ባትሪው 20 ፐርሰንት ሲያሳይ ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች፤ ያረፈችው በ9 ነው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዤ እነሳለሁ፣ 35 ላይ አዞራታለሁ። ዝቅ ብሎ መብረርም ይረዳል፤ ነፋሱ እንደ ላይኛው አይበረታም።

ክብደቷ 720 ግራም ስለሆነ በብዙ አገሮች ማስመዝገብ ግድ ነው። ይህን ቀድሞ መጨረስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ተከታይዋ ኤር 3ኤስ ስትወጣ ሰፊው ሌንስ ባለ 1 ኢንች ሴንሰር ሆነ። ሲመሽ ለሚቀርጽ ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ እኔም ጎመጀሁ። ግን ቴሌው ያው 70 ነው፤ እኔ ደግሞ ውሎዬ እሱ ላይ ነው። አልቀይርም።

ባትሪዎቹን ቻርጅ ላይ ሰክቻለሁ። ነገ ፀሐይ ሳትወጣ ወደዚያች ዛፍ እመለሳለሁ።