የኤርዛም መንገደኛ መመሪያ፦ እስካሁን የት ደረስኩ

ኤርዛም የምትባል የራሴ አገር አለችኝ። በየትኛውም ካርታ ላይ አትገኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በደብተር ላይ ስፈጥራት፣ ስሰርዛት፣ መልሼ ስጽፋት ኖሬያለሁ። ነገሥታቷና ጦርነቶቿ ተጽፈው አልቀዋል። አሁን የያዝኩት ግን ለየት ያለ ነው፦ ባለሥዕል የመንገደኛ መመሪያ። እዚያው አገር የሚኖር የጨው ነጋዴ ከሱ በኋላ ለሚሄድ ሰው ብሎ የጻፈው የሚመስል፣ ኪስ የሚገባ መጽሐፍ። እናንተም የየራሳችሁን ዓለም እየሠራችሁ ስለሆነ የሠራልኝንና ገና ያልተፈታልኝን ላካፍላችሁ።

ይህ ዓይነት መጽሐፍ አገራችሁን የሚጠይቃት ሌላ ጥያቄ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ማን ነገሠ፣ ማን ማንን ወጋ ይላል። መንገደኛ ግን የት አድራለሁ፣ በቅሎዬ ምን ትበላለች፣ ገበያው መቼ ይውላል፣ ወንዙ በክረምት ያሻግራል ወይ ነው የሚለው። ንጉሡ ማን እንደሆነ ትዝ የሚለው ቀረጥ ሲጠየቅ ብቻ ነው። ስለዚህ የነገሥታቱን ዝርዝር ጨርሶ አወጣሁት። የቀረው አንድ መስመር ነው፤ በድልድዩ ላይ የሚከፈለው ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ የሚናገረው።

ሥራውን የጀመርኩት ከውሃ ነው። ካርታ ስንስል ወንዝን እንደ ጌጥ የምናስገባ ብዙ ነን፤ ወንዝ ግን ሕግ አለው። ገባሮች እየተገናኙ ይወፍራሉ እንጂ ቁልቁል የሚወርድ ወንዝ፣ ደለል ካላስቸገረው በቀር፣ መሀል አገር ላይ ለሦስት ለአራት አይከፈልም። ሐይቅም እንዲሁ ነው፦ ወደ ጣና የሚገቡት ወንዞች ብዙ ናቸው፣ በተፈጥሮ የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ። እኔን የማረከኝ ደግሞ አዋሽ ነው። ከደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝና ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ይቀራል። ለኤርዛም ዋና ወንዝ፣ ለሊዳ፣ ይህንኑ ዕጣ ሰጠኋት፤ ሙሪ በሚባል ረባዳ ሐይቅ ውስጥ ትጠፋለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አንዱ አንዱን እየጎተተ መጣ። ጨው ካለ ቆራጭ አለ፣ ግመል አለ፣ ግመሉ ዳገቱ ሥር ደርሶ ጭነቱን ለበቅሎና ለአህያ የሚያስረክብበት ከተማ አለ። ያ ከተማ የት መሆን እንዳለበት ለማወቅ ባቲን ማሰብ በቂ ነበር፤ ደጋና ቆላ በሚገናኙበት ቦታ ተቀምጣ የሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን የሚያገናኝ። ጠልሳ የምትባለውን ከተማዬን እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ ቆረቆርኳት፣ ገበያዋንም ሐሙስ አልኩ። ለጎረቤቶቿ ሌላ ሌላ ቀን ሰጠኋቸው፤ ነጋዴው ገበያ ለገበያ ሳምንቱን እንዲዞር። የመጽሐፉ ቅደም ተከተል በዚሁ ተወሰነ፤ ምዕራፎቹ ከሰኞ እስከ እሑድ ናቸው።

ገንዘቡም ጨው ሆነ። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ በእኛ አገር አሞሌ፣ ተጠርቦ የተቆረጠ የጨው ጡብ፣ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ይገበያዩበት ነበር፣ ከሚቆረጥበት ቦታ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይከብድ ነበር። ለዓለም ፈጣሪ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ ትንሽ ሠንጠረዥ አስገባሁ፦ የአንድ ሌሊት የበቅሎ ገፈራ (መኖ) ስንት ነው? ሙሪ ዳር አራት አሞሌ፣ ጠልሳ ሁለት፣ ደጋው ላይ ቆርሚ ደርሳችሁ ግማሽ። አንባቢው ስለ ንግድ አንድ ቃል ሳላስረዳው ነጋዴው ለምን ዳገት እንደሚወጣ ይገባዋል።

የአየሩን ነገር በአጭሩ ልለፈው፦ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ እየቀነሳችሁ ውጡ፣ ልብሱም እህሉም ቤቱም ከዚያ ይመጣል።

አንድ ሙሉ ግቤት እንዲህ ነው የሚነበበው፦

«ጠልሳ። ከሙሪ የግመል አራት ቀን፣ ከቆርሚ የበቅሎ አንድ ቀን። ገበያዋ ሐሙስ ነው፤ ረቡዕ ማታ የደረሰ ቦታ ያገኛል፣ ሐሙስ ጠዋት የደረሰ ፀሐይ ላይ ይውላል። ከዋርካው በስተግራ ያለችው ሴት ጠላዋ ጥሩ ነው፣ አልጋ ግን የላትም፤ ጀንዲህን ይዘህ ሂድ። ከዋርካው በስተቀኝ ያለው ሰውዬ አልጋ አለው፣ ሚዛኑን ግን አትመን። በላይኛው ሸለቆ ዘንዶ አለ። ከመስከረም እስከ ኅዳር አይወጣም። በሌላው ጊዜ ፍየል አስቀድም።»

ዘንዶው ያገኘው ይህችን ብቻ ነው። ስለ እሱ አሥር ገጽ ነበረኝ፤ ለመንገደኛ ግን ዘንዶ ከሙላትና ከወባ ጋር በአንድ ተርታ የሚጠቀስ የመንገድ ችግር ነው። እንዲህ ሲጻፍ ይበልጥ ያስፈራል ባይ ነኝ። ጀንዲውንና ጠላውን አይቶ «ይቺ ኢትዮጵያ አይደለችም እንዴ?» ያለኝም አለ። ይበል። ከማላውቀው ኩሽና ምግብ አላወጣም።

ከሁሉ ይበልጥ የወደድኩት ግን የኅዳግ ማስታወሻውን ነው። ነጋዴዬ ደገኛ ነው፤ ስለ ቆላ ሰው የሚጽፈው ሁሉ በንቀት የተሞላ ነው። እኔ መሀል ገብቼ ላርመው አልፈለግሁም። ይልቅ መጽሐፉ ከእጁ ወጥቶ የሙሪ ተወላጅ የሆነች ግመል ነጂ እጅ እንዲገባ አደረግሁ፤ እሷም በየገጹ ዳር በሌላ ቀለም ትመልስለታለች። እሱ «የሙሪ ሰዎች ውሃ ይነፍጋሉ» ሲል፣ እሷ ከጎኑ «ጉድጓዱን ለበቅሎው ሊያጠጣ ፈልጎ ነው፤ ሕፃናት ወረፋ ላይ ነበሩ» ብላለች። ሌላ ቦታ ደግሞ «ውሸት! ይህ ጉድጓድ ከደረቀ ቆይቷል» የሚል አለ፣ በትልልቁ። እኔ ያላሰብኩት ታሪክ በሁለቱ መካከል እያደገ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ሳትቆጣ የምትጽፍባቸው መስመሮች እየበዙ መጥተዋል።

ወደ ሥዕሉ ልምጣ። ጥንታዊ የብራና መጻሕፍታችንን የፈለግሁትን ያህል ዘርፌያለሁ። በድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፣ ክፉው ደግሞ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በመመሪያዬ የማደሪያ ባለቤቶች ሁሉ በዚሁ ደንብ ተሥለዋል፤ ሚዛኑ የማይታመነው ሰውዬ በጎን ነው። አላስረዳሁትም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግመል ነጂዋ ግን አንዱ የጎን ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን ጨምራበታለች፤ ነጋዴው የበደለው ሰው ነው ማለቷ ነው። የከተሞቹ ስም በቀይ ቀለም ነው፤ በየምዕራፉ ራስ ላይ ያለውን ሐረግ፣ ማለትም የተጎነጎነውን ጌጥ፣ ደግሞ በአካባቢው ዕፅ ነው የምጎነጉነው፦ ለቆላው ግራር፣ ለደጋው ጽድ፣ ለውርጩ ጅብራ። ጅብራ አንድ ጊዜ አብባ የምትሞት ናት፤ ለእሷ ገጽ አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ገና አልበሰለም።

አሠራሩን ለጠየቃችሁኝ፦ 300 ግራም የውሃ ቀለም ወረቀት ላይ መጀመሪያ ውሃ በማይፈታው ቀለም መስመሩን አወጣለሁ፣ ሲደርቅ በውሃ ቀለም እሞላለሁ። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርጌ ክሪታ በሚባል የሥዕል ፕሮግራም አጸዳለሁ፣ ገጹን ስክራይበስ በሚባል የገጽ ማቀናበሪያ አቀናብራለሁ፤ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። መጠኑ ኤ6 ነው፣ 105 በ148 ሚሊ ሜትር። ፊደላችን ጠበቅ ያለ ስለሆነ በመስመሮች መካከል ለእንግሊዝኛ ከምትተዉት የበለጠ ቦታ ተዉለት፤ ለ9 ነጥብ ፊደል ከመስመር እስከ መስመር 14 ነጥብ ሰጥቼዋለሁ። ቃላቱን የምለየው እንደ ድሮው በሁለት ነጥብ ነው፤ ገጹን ሞገስ ይሰጠዋል፣ ሲነበብ ግን ዓይን ይደክማል፣ ስለዚህ ለነጋዴው ጽሑፍ ብቻ ተጠቅሜ የግመል ነጂዋን በባዶ ቦታ ለየሁት። ከእሱ ዘመን በኋላ የመጣች መሆኗም በዚያው ይታወቃል።

ለኅትመት ደግሞ ሁለት ነገር አስቡ። መሀሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት፤ አንድ ገጽ ብትጨምሩ ሦስት ተጨማሪ ይጠይቃችኋል። ሁለተኛ፣ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ሰማያዊ በማተሚያ ቀለም ይደበዝዛል። ሰማያዊዬን ከመጀመሪያው ወደ ጥቁሩ አድርጌ ቀባሁት እንጂ በኮምፒውተር ላበራው አልሞከርኩም።

አሁን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት ምዕራፎች ሥዕላቸውም ጽሑፋቸውም አልቋል። ዓርብ በእርሳስ ደረጃ ነው። ቅዳሜና እሑድ ውርጩን ያቋርጣሉ፤ እዚያ ገበያ ስለሌለ ምዕራፎቹ በምን እንደሚቆሙ እያሰብኩ ነው፣ ምናልባት በእረኞች ጎጆ።

የቸገረኝ የሚታጠፈው ካርታ ነው። ኤ3 ላይ ነው የሣልኩት፤ ታጥፎ ሽፋኑ ውስጥ ኪስ ቢሠራለት ይጠፋል፣ ከመጨረሻው ገጽ ጋር ቢለጠፍ ደግሞ ትንሿ መጽሐፍ አልዘጋ ብላ ትከፈታለች። 80 ግራም ወረቀት ላይ አሳትሞ ያጠፈ ካላችሁ እጥፉ ላይ ቀለሙ ምን ያህል ይሰነጠቃል?