ርካሽ ጠመንጃ

ዛሬ ከቤት የወጣሁት ጧፍ ልገዛ ነበር። ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ እማዬ ደግሞ በጾም ጧፍ ሲያልቅባት ቤቱ የተራቆተ ይመስላታል። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን አልፈታም። ነሐሴ ላይ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ስም የማላወጣለት ክብደት ደረቴ ላይ ይቀመጣል፤ ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ። ከጊዮርጊስ ወጥቼ፣ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግሬ ወደ አራት ኪሎ ሽቅብ ስል ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝ። መጀመሪያ ያገኘሁት ካፌ ገብቼ ሻይ አዘዝኩና በመስታወቱ ላይ የሚንቆረቆረውን ውኃ እያየሁ ተቀመጥኩ።

ታናሹ ወንድሜ ከአሜሪካ የደወለው ያን ጊዜ ነው። ዳላስ ገና መንጋቱ ነበር።

«ጠመንጃ ገዛሁ» አለኝ።

ጫማ እንደ ገዛ ሰው ነው የነገረኝ። ከሦስት መቶ ዶላር ብዙም ያልራቀ፣ እዚያ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ለአደን አይደለም፣ ለጥበቃም አይደለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ሄዶ ወረቀት ለመምታት ነው። የሥራ ባልደረቦቹ አስለመዱት። ፎቶውንም ላከልኝ፦ የእንጨት ሰደፍ፣ ቀጭን ጥቁር አፈሙዝ፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ከጎኑ አንድ ስኒ ተቀምጧል፤ ሲሄድ እማዬ በሻንጣው የከተተችለት ስኒ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። አስተናጋጇ እንዳታየው ይመስለኛል፤ ብታየው ምን እንደሚሆን ግን አልነግራችሁም፣ አላውቀውምና።

«ከፊል አውቶማቲክ» ሲለኝ ጆሮዬ የሰማው ጦርነት ነው። እሱ ግን በትዕግሥት አስረዳኝ። ሩገር 10/22 ይባላል፤ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ የኖረ፣ እዚያ አገር ብዙ ሰው ተኩስ የሚማርበት ጠመንጃ ነው። ምላጩን አንድ ጊዜ ሲስቡት አንድ ጥይት ይወጣል፤ ጣትን ለቀቅ አድርገው እንደገና ካልሳቡ ሁለተኛው አይወጣም። ባሩዱ ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊት የጥይቱን እርሳስ ወደ ፊት፣ ቀለሁን ወደ ኋላ ይገፋል። ባዶው ቀለህ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ሞላው ተመልሶ ሌላውን ጥይት ያጎርሳል። ተኳሹ በየጥይቱ ማቀባበል የለበትም፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። ካርታው፣ ማለትም የጥይት መያዣው፣ አሥር ጥይት ይይዛል። ጥይቱ «ሃያ ሁለት» የሚሉት ትንሹ ነው፣ ውፍረቱ 5.6 ሚሊ ሜትር፣ እርሳሱ ሁለት ግራም ተኩል ገደማ። «ትከሻሽን እንኳን አይመታሽም» አለኝ። ሃምሳ ጥይት የያዘ ፓኮ እዚያ በአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ይገኛል። ሱቅ ገብቶ የፌዴራሉን ቅጽ ሞላ፣ ሻጩ ስሙን ለማጣሪያ ላከ፣ መልስ መጣ፣ ከፍሎ ወጣ። እኛ ዘንድ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝ የሚያስከስሰውን ዕቃ መኪናው ኋላ ጭኖ ወደ ቤቱ ነዳ።

ከነገረኝ ሁሉ ልቤን የያዘው ግን አንድ ቃል ነው። ሰዎቹ በተርታ ተቀምጠው ሲተኩሱ ይቆዩና የሜዳው ኃላፊ ተኩስ አቁም ይላል። ያን ጊዜ ሁሉም ካርታውን ያወጣል፤ ጠመንጃውን ከፍቶ ባዶ መሆኑን አሳይቶ ያስቀምጣል፤ ከመስመሩ ወደ ኋላ ይላል። ኃላፊው እስኪፈቅድ ማንም መሣሪያ አይነካም። ከዚያ ጎን ለጎን እየተጨዋወቱ ሄደው የተበሳሳውን ወረቀት በአዲስ ይቀይራሉ። ተኩስ አቁም! እኔ ይህን ቃል የማውቀው ከዜና ነው። ወራት ስንለምነው፣ ሲፈረም እንባችን ሲመጣ፣ ሌሊት ተነስተን ጸንቶ ይሆን እያልን ሬዲዮ ስንከፍት። አንድ ሰው በድምፁ ብቻ ብሎት ሁሉም በአንድ ጊዜ እጁን የሚያነሳበት ቦታ መኖሩን ስሰማ ቀናሁ። በእውነት ቀናሁ።

እኔ የማውቀው ርካሽ ጠመንጃ ሌላ ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም.። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ታናሹ ገና ጡት አልጣለም። ከግንባር የተበተኑ ወታደሮች በየመንደሩ ይዞሩ ነበር። አንድ ማታ በራችን ተንኳኳ፤ አባዬ ከፈተ። ወታደር ነው። አሁን ሳስበው ሃያ ዓመት አይሞላውም፤ ያን ጊዜ ግን ትልቅ ሰው መስሎኝ ነበር። ገንዘብ አልጠየቀም። «ጋሼ፣ የሲቪል ልብስ ካለዎት» ነው ያለው። አባዬ ምንም ሳይናገር ሸሚዝና ቡናማ ሱሪ አወጣለት። እማዬ እንጀራ በሽሮ አቀረበችለት፤ ተቀመጥ ብትለው እምቢ ብሎ ቆሞ በላ። ሱሪው ረዘመበት፤ ጎንበስ ብሎ ጫፉን ሁለት ጊዜ አጠፈው። ሲወጣ የወታደር ልብሱን ጠቅልሎ ያዘ፤ ክላሹን ግን በሩ ጥግ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተወው። መሸጡ ይሁን መገላገሉ አላውቅም። በዚያ ሰሞን በዳቦ የተለወጠም እንደነበረ ኋላ ከሰው ሰማሁ፤ የእኛው ዋጋ ሸሚዝና ሱሪ ነበር።

ሌሊቱን ማንም አልነካውም። እማዬ ነጠላዋን ጣል አደረገችበት፣ ልክ በሬሳ ላይ እንደሚደረገው። ሲነጋጋ አባዬ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዞት ወጣ፤ የት እንዳደረሰው እስኪሞት ድረስ አልነገረንም። ከሰሞኑ በኋላ ደግሞ፣ ግንቦት 27፣ ነፋስ ስልክ በኩል የነበረው የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ከተማዋ ተናወጠች። እማዬ ታናሹን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ እኔን በቀሚሷ ሸፍና፣ ስትጸልይ የጥርሷን መንቀጥቀጥ እሰማ ነበር። ታናሹ ይህን ሁሉ አያስታውስም። ተኝቶ ነበር፤ ይገርማችኋል፣ አልነቃም። ምናልባት ዛሬ ጠመንጃን እንደ ኳስ፣ እንደ ብስክሌት አንስቶ ማየት የቻለው ያን ሌሊት ስለተኛ ይሆን?

አባዬ ራሱ የተማረው በጠመንጃ ዋጋ ነው። አያታችን ቡልጋ ሳሉ አንድ ቤልጅግ ነበራቸው፣ አምስት ጎራሽ። (የጠመንጃዎቻችን ስም ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቤልጅግ የመጣበትን አገር ይዞ ቀረ፤ ውጅግራ ደግሞ ከፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ተወልዶ የእኛ ቃል ሆነ፣ በፉከራ ውስጥ ገባ፣ ባዕድነቱም ተረሳ።) በእሳቸው አባት ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ የሚመነዘር ገንዘብ ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሰው ለጨዋታ አይተኩስም። አባዬ ይነግረን እንደነበረው፣ በሠርግ ማግስት ቋጥኝ ላይ አጥንት ይቆምና ጎበዛዝቱ ዒላማ ይሞክራሉ፤ ለአያታችን የምትፈቀደው ግን አንዲት ጥይት ነበረች፣ የፈቀዱትም ራሳቸው ናቸው። ያቺን ለመተኮስ ግማሽ ቀን ያስቡበት ነበር።

እኒህ ሰው ናቸው ቤልጅጉን ሸጠው አባዬን አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ያስገቡት። መሬት ቢሸጡ፣ በሬ ቢሸጡ ሰው ይረዳቸው ነበር። ጠመንጃውን ሸጠው ለቅሶ ቤት ባዶ ትከሻቸውን ይዘው ሲገቡ ግን ምን እንደተሰማቸው አባዬ ሊነግረን ይጀምርና አይጨርሰውም ነበር። እኛ ልጆች ሳለን እንጨት አንስተን «ጧ!» ስንል ከእጃችን ነጥቆ ይሰብረው ነበር፤ በሌላ ነገር ተቆጥቶን አያውቅም። እማዬ ሌላ ናት። የካቲት 23 ለዓድዋ መድፍ ሲተኮስ እልል ትላለች፣ ወዲያውም ታማትባለች። ሁለቱም ከልቧ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ታናሹን ለመውቀስ አይደለም። ለማንም ያልነገርኩት ነገር ስላለ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በአንድ የገና ባዛር ላይ በአየር ጠመንጃ ፊኛ የሚመታበት ድንኳን ነበር። አንድ ጓደኛዬ ከፈለልኝና እንደ ቀልድ ያዝኩት። አምስት ፊኛ፣ አምስቱንም መታሁ። የማስታውሰው ፊኛው ሲፈነዳ አይደለም። ከዚያ በፊት ያለውን ነው፦ ሰደፉ ትከሻዬ ላይ፣ ጉንጬ ቀዝቃዛው እንጨት ላይ፣ ትንፋሼ ግማሹ ወጥቶ ቆሟል፣ የባዛሩ ሙዚቃና ጩኸት ሁሉ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ሆኗል፤ በዓለም ላይ የቀረው አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ ናት። ያን ዓይነት ጸጥታ ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር። ከዚያ በኋላም ጥቂት ጊዜ፣ በቅዳሴ ላይ፣ ካልሆነ በቀር አላገኘሁትም። ሽልማቴን፣ አንዲት የፕላስቲክ አበባ፣ ቦርሳዬ ሥር ቀብሬ ወደ ቤት ገባሁ። አባዬ «እንዴት ዋላችሁ?» ሲለኝ ፊቴ ጋለ።

ታናሹ ዛሬ ያለኝ ይህንኑ ነው። «ሳነጣጥር ስለ ምንም አላስብም» አለኝ። ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው፤ ሌሊቱን ለአንዱ፣ ቀኑን ለሌላው። በሳምንት አንድ ጠዋት ጭንቅላቱ ባዶ ቢሆንለት እኔ ምን ብዬ እከለክለዋለሁ? ያስደነገጠኝ መግዛቱ አይደለም። እንዴት እንደ ገባኝ ነው ያስደነገጠኝ፤ ወዲያው፣ በቃል ሳያስረዳኝ፣ በትከሻዬ ገባኝ።

«በጥር ስትመጪ አንድ ካርታ ትተኩሻለሽ?»

ዝም አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «ሃሎ፣ ሃሎ» አለ። ዝናቡ ነው አልኩት፤ ደግሞም ዝናቡ እውነት ጣሪያውን ይደበድበው ነበር።

ማታ እማዬ እንዴት ነው አለችኝ። ደህና ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያርፍበት ነገር አግኝቷል አልኳት። «ተመስገን» ብላ ፊቷን ወደ ሥዕሉ አዞረች። አልዋሸኋትም። ሆኖም ጎኔ ስጋደም አልተኛሁም።

አስቀድሜ የማውቀው ነገር አለ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ከመጣ እጄ እምቢ አይልም። ጉንጬን እንጨቱ ላይ አሳርፌ ትንፋሼን ስይዝ ግን ማን ይመጣብኛል? ወረቀቱን ብቻ አየዋለሁ? ወይስ ያን ቆሞ የበላውን ልጅ? ዛሬ በሕይወት ካለ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። የአባዬን ሸሚዝ ለብሶ፣ የሱሪውን ጫፍ ሁለት ጊዜ አጥፎ በጨለማ ሲወጣ ወደ የት እንደሚሄድ ማናችንም አልጠየቅነውም። ከእናቱ ቤት ደርሶ ይሆን?