ቁም ሳጥኑን እንዴት ሞላነው

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ቤተ ሙከራችን ጥግ ላይ አንድ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን አለ። ለዓመታት የተሰበረ ማይክሮስኮፕና የድሮ ፈተና ወረቀት ማጎሪያ ነበር። አሁን ተማሪዎች የሰበሰቧቸው ዕፅዋትና ድንጋዮች ሞልተውታል። እንዴት እንደሠራነው የሚጠይቁኝ አስተማሪዎች ስለበዙ፣ እዚህ ልጻፈው።

በዕፅዋት ጀመርን፤ ወጪ የላቸውማ። ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ ሁለት ጣውላና ገመድ ይበቃል። ቅጠሉን ከነአበባው ወይም ከነፍሬው ጋዜጣ መሃል መዘርጋት፣ በካርቶን እየለዩ መደራረብ፣ ከዚያ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። ዋናው ሥራ ጋዜጣውን በየቀኑ መቀየር ነው። ካልተቀየረ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ይሻግታል። ወቅቱም ወሳኝ ነው። ክረምት ላይ ምንም ነገር በወጉ አይደርቅም። መስከረም ሲጋመስ ግን ፀሐይም አበባም አብረው ይመጣሉ። አደይ አበባ ደርቆም ቢሆን ቢጫነቱን ቶሎ አይለቅም። አስቸጋሪው እሬት ነው፤ ውሃውን ይዞ «አልደርቅም» ይላል። ቅጠሉን ለሁለት ሰንጥቆ ውስጡን በማንኪያ መፋቅ ነው መላው።

መረጃ የሌለው የደረቀ ቅጠል ግን ድርቆሽ ነው። ዋጋ የሚሰጠው አብሮት የሚለጠፈው ወረቀት ነው። የት ተገኘ? መቼ? ማን ሰበሰበው? ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ? ምን ዓይነት መሬት ላይ? የአካባቢው ሰው ምን ይለዋል? የአበባው ቀለምም እዚያው ይጻፍ፤ ሲደርቅ ሊለወጥ ይችላል። እኛ «ጥቅም» የምትል መስመርም ጨምረናል። አንዷ ተማሪ እንዶድ አምጥታ እዚያ መስመር ላይ «አያቴ ነጠላ ታጥብበታለች» ብላ ጻፈች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም የሳይንቲስቱን የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር አነሣሁላቸው። በፈረንጆች 1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ነው ቀንድ አውጣ ለሚያዛምተው ለቢልሃርዚያ በሽታ ምርምራቸው መነሻ የሆነው። ከዚያ ወዲህ መስመሯ ባዶ ቀርታ አታውቅም።

ሁሌም ከአንድ ተክል ሁለት እንይዛለን። አንዱ እኛ ጋ ይቀራል፣ ሌላው ጎረቤት ትምህርት ቤት ይሄዳል። ይህን የወሰድነው ከሺምፐር ታሪክ ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር በፈረንጆች 1837 መጥቶ፣ በትግራይና በሰሜን ተራሮች ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ፣ በ1878 እዚሁ አረፈ። ከየዓይነቱ ብዙ ብዙ እያደረቀ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። በ1943 የበርሊኑ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ) በቦምብ ሲጋይ፣ ፓሪስና የለንደኑ ኪው የዕፅዋት ማዕከል የነበሩት ተረፉ። ከ1980 እስከ 2009 የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት ዘርዝረው የጻፉት ምሁራን፣ ወደ 6,000 ገደማ ዝርያ የመዘገቡት እንዲህ ያሉ ደረቅ ተክል የተለጠፈባቸውን ወረቀቶች እያገላበጡ ነው።

ወደ ድንጋዩ ልምጣ። ድንጋይ አይበላሽም የሚል ሰው አሞሌ ጨው አስቀምጦ አያውቅም። ከአፋር የመጣው አሞሌያችን በክረምት እርጥበት እየሳበ ያልባል። ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምረን ዘጋንበት። ኦፓል የሚባለው የደላንታ የከበረ ድንጋይም ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ያ የሚጫወተው ቀለሙ ይጠፋና ብርጭቆ ይመስላል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ስለዚህ አናጥበውም፣ ቅባት ባለው እጅም አንነካውም።

ባልጩት ደግሞ ክርክር አስነሣ። «ቲቸር፣ ይሄ ማዕድን ነው?» አይደለም። ቶሎ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው፤ እንደ ማዕድን በሥርዓት የተደረደረ ክሪስታል የለውም። ግን ጠርዙ በሰው እጅ የተሳለ ባልጩት ሜዳ ላይ ካያችሁ አታንሡት። እንደ መልካ ቁንጡሬ ባሉ ቦታዎች የጥንት ሰዎች መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ከወደቀበት ከተነሣ ግማሽ ታሪኩ እዚያው ይቀራል። ፎቶ አንሥቶ ለቅርስ ባለሙያ መንገር ይሻላል። ልጆቹ ይህን ሕግ አልወደዱትም፤ እኔ ግን አልለቅም።

የዕፅዋቱ ቀንደኛ ጠላት ነፍሳት ናቸው። መርዝ አንጠቀምም። ድሮ በየሄርባሪየሙ ወረቀቱን ከነተክሉ በሜርኩሪ ጨው ይቀቡት ነበር፤ የጥንቱን ስብስብ በጓንት መያዝ የሚመከረውም ለዚህ ነው። እኛ በፌስታል አጥብቀን ጠቅልለን የመምህራን ክበብ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት እናቆየዋለን። ሲወጣም ፌስታሉን ወዲያው አንከፍትም፤ ጤዛው ቅጠሉ ላይ ያርፋል። የክበቡ እትዬ መጀመሪያ ላይ «ሥጋ ባለበት ሳር?» ብለው ተቆጡ። አሁን የታችኛውን መሳቢያ ለቀውልናል፤ ፌስታሉ ላይ «አይበላም» ብለን እስከጻፍን ድረስ።