የጉበት ምርመራ «ኖርማል» ሲል፦ ከቲነር ጋር ለሚውሉ

አዳማ ጋራዥ ውስጥ ቀለም የሚረጭ ሰው የጉበት ምርመራ ሲያደርግ፣ ወረቀቱ ላይ ከኤስጂፒቲ (ኤኤልቲም ይሉታል፤ ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ ከፍ የሚል የጉበት ኢንዛይም ነው) አጠገብ ብዙ ጊዜ «እስከ 40» የሚል ገደብ ያገኛል። ቀለም መደብር ውስጥ ቲነር በሃይላንድ እየቀዳች የምትሸጥ ሴትም የምትለካው በዚሁ ነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ባወጣው መመሪያ ግን የጤናማ ወንድ ጣሪያ ከ29 እስከ 33፣ የጤናማ ሴት ከ19 እስከ 25 ነው። 36 የመጣላት ሴት «ምንም የለብሽም» ተብላ መሸኘት የለባትም።

ለወንዱም ዝቅ ያለ ቁጥር ዋስትና አይሆንም። አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ ቪኒል ክሎራይድ በሚባል ጋዝ ፕላስቲክ ሲሠሩ ከነበሩ፣ ውፍረት ከሌላቸው ሠራተኞች የጉበት ናሙና ተወስዶ ሲታይ፣ ኢንዛይማቸው ደህና የነበሩትም ጉበታቸው በስብ ተሞልቶና ተቆጥቶ ተገኝቷል። ስለዚህ አልትራሳውንድም ጠይቁ።

ጋራዥ ቲነር ውስጥ የተለመዱት ቶሉይንና ዛይሊን ቀድመው የሚመቱት ጭንቅላትን ነው። ክሎሪን ያለባቸው የግራሶ ማጽጃዎች ግን ለጉበት የባሱ ናቸው። ከሁሉም የሚያሳስበኝ የመደራረቡ ነገር ነው፦ ሽታው ራስ ያሳምማል፣ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ይዋጣል፣ ማታ አረቄ ይከተላል። አዘውትሮ መጠጣት ፓራሲታሞልን ወደ መርዝ የሚለውጠውን የጉበት ኢንዛይም ያበዛዋል። ለጤነኛ አዋቂ የቀን ጣሪያው ባለ 500 ሚሊግራም 8 ፍሬ ሲሆን፣ አዘውትሮ የሚጠጣ ከ4 ባያልፍ ይሻላል። ሴት ደግሞ ከወንድ ባነሰ መጠጥ ጉበቷ ይጎዳል።

የጨርቅም ሆነ የሕክምና ማስክ ትነት አያስቆምም። የሚያስፈልገው ከሰል ያለበት፣ «ኤ» የሚል ፊደልና ቡናማ ምልክት ያለው ማጣሪያ የሚገጠምለት የጎማ ማስክ ነው። ጺም ካለ ጠርዙ አይገጥምም። ማጣሪያው ሜዳ ላይ ከተተወ ሥራ ባይኖርም ከአየሩ እየጠጣ ስለሚሞላ፣ በሚዘጋ ላስቲክ ይቀመጥ። ሽታው ዘልቆ ከመጣ ጊዜው አልፏል፤ ወዲያው ይቀየር። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መኪና ሥር ባለው ጉድጓድ ይተኛል፤ ላይኛውን መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም፣ በሩም ከታች ክፍት ይሁን። አዳማ ከሰዓት በኋላ ሲግል ትነቱ ስለሚብስ ርጩን ለጠዋት አድርጉት።

እጅ በቲነር አይታጠብ፤ በቆዳም ይገባል። ቀለሙ ሳይደርቅ በምግብ ዘይት አሽቶ በሳሙና ማጠብ ያስለቅቀዋል። ቱታው ውጭ ተሰቅሎ ይናፈስና ከልጆች ልብስ ለብቻው ይታጠብ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ የሥራችሁን ዓይነትና የቲነሩን ዋና ቆርቆሮ ጽሑፍ በስልክ አንስታችሁ አሳዩ፤ ሃይላንዱ ላይ ምንም አልተጻፈምና። ሄፓታይተስ ቢና ሲ አብረው ይመርመሩ። ቢ ከሌለባችሁና ካልተከተባችሁ ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላና በስድስተኛው ወር። ኤስጂፒቲው ከፍ ካለ ከርጩ ሥራ ለተወሰኑ ሳምንታት ወጥቶ እንደገና ማስለካት ነው። ያን ጊዜ ከወረደ ጥርጣሬው ወደ ቲነሩ ያመዝናል፤ ካልወረደ ሐኪሙ ስኳሩን፣ ክብደቱንና የሚወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ይፈትሽ፣ የአገር ባህል መድኃኒቱንም ሳይቀር።