ከብረቱ ጩኸት ወዲህ ያለው ኖይባውተን ይበልጥብኛል

ሁለት የአይንሽቱርዘንደ ኖይባውተን አድማጮችን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና «ምርጡ አልበም የቱ ነው?» በሏቸው። ማኪያቶው ይቀዘቅዛል እንጂ ክርክሩ አይቀዘቅዝም። እኛ ጋ ይህን ብረት እየደበደበ ሙዚቃ የሚሠራ የጀርመን ባንድ የሚሰማ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ በጣት ተቆጥረንም አንስማማም። አንዱ ጓደኛዬ ከ1985ቱ «ሃልበር ሜንሽ» ወዲህ የመጣውን ሁሉ ምርቃት ነው ይለዋል። ሌላዋ «ታቡላ ራሳ» ካልተጠራላት ታኮርፋለች። እኔ «ሳይለንስ ኢዝ ሴክሲ» ብዬ ስነሳ ደግሞ ሁለቱም ተባብረው ይዘምቱብኛል። እዚህ የሚያቋርጠኝ ስለሌለ እስኪ ልጻፈው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባንዱን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። ነገሩ የተጀመረው በ1980 ምዕራብ በርሊን ውስጥ ነው። ከተማዋ ዙሪያዋን በግንብ ታጥራ ብቻዋን የቆመች ነበረች። እዚያ የሚኖር ወጣት የግዴታ ውትድርና አይነካውም። ቤት ኪራይ ርካሽ ነው። ባዶ የቀረ ሕንፃ ውስጥ ሰብሮ ገብቶ መኖርም የተለመደ ነበር። ስለዚህ ውትድርና የሸሸውም፣ መደበኛ ኑሮ ያስጠላውም፣ አርቲስት ነኝ ባዩም ከምዕራብ ጀርመን እየተነሳ እዚያ ይከተታል። የባንዱ መሥራችና ዘፋኝ ብሊክሳ ባርጌልድ ግን የከተማዋ የራሷ ልጅ ነው። ኤፕሪል 1 ቀን ሙን የሚባል ክለብ ውስጥ የመጀመሪያውን ዝግጅት አቀረቡ። አብረውት ኤን ዩ ኡንሩ፣ ጉድሩን ጉት እና ቤያተ ባርቴል ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። የባንዱ ስም «የሚፈርሱ አዳዲስ ሕንፃዎች» እንደ ማለት ነው። ይህ ስም ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሜይ 21 ላይ፣ የከተማዋ የታወቀው የኮንግረስ አዳራሽ ጣሪያ ተደረመሰ። አሜሪካኖች በ1957 ለበርሊን የሰጡት፣ የዘመናዊነት ምልክት የተባለ አዳራሽ ነበር። ሰውም ሞቶበታል። ሟርት አልላችሁም፤ ግን የባንዱ ወሬ በከተማው እንዲናፈስ ሳይረዳ አልቀረም።

ብረቱስ ከየት መጣ? ከችግር ነው የመጣው። ኡንሩ ገንዘብ ሲያጥረው ድራሙን ሸጠ፤ ከዚያ ሕንፃ ከሚሠራበትና ቁርጥራጭ ከሚጣልበት ቦታ ላሜራ፣ ቱቦ፣ ሞላ እያነሳ በዚያ መምታት ጀመረ። በዚያው ዓመት እሱና ባርጌልድ አንድ የመኪና መንገድ ድልድይ ሆድ ውስጥ ገቡ። ከላይ መኪና ያልፋል፤ ከታች እነሱ የድልድዩን ብረት ይደበድባሉ። ያንን ቀድተው «ሽታልሙዚክ» ብለው በካሴት አወጡት። የድምፁ ጥራት የለም፤ ቢሆንም ያ የታፈነ ጉምጉምታ ዛሬም ስሰማው ደስ ይለኛል። ጣና ገዳማት ሄዶ የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል ሲመታ የሰማ ሰው በዚህ ብዙ የሚደነቅ አይመስለኝም። የሚጮህ ነገር ሁሉ መሣሪያ ነው።

የመጀመሪያው አልበም «ኮላፕስ» በ1981 ወጣ። ልጆቹ መሣሪያቸውን በርሊን ኦሊምፒክ ስታዲየም ፊት ለፊት ደርድረው ፎቶ ተነስተዋል። የእንግሊዝ ባንድ የሆኑት ፒንክ ፍሎይዶች «ኡማጉማ» አልበማቸው ላይ ውድ ውድ ዕቃቸውን እንዳሰለፉት ማለት ነው፤ የነዚህኞቹ ግን ድሪልና ብረታ ብረት ነው። ቀልዱን ሳየው እስካሁን ያስቀኛል። ሙዚቃውን ግን ደጋግሜ አልሰማውም። አንዴ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ጮክ አድርጌ ከፍቼው ጎረቤታችን እትዬ በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ ማነው ቤት የሚያድሰው?» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ክርክር ልግባ፣ ምክንያቱም በዋዛ የሚጣል አይደለም። «ሃልበር ሜንሽ» ላይ አምስቱም ሙሉ ናቸው፦ ባርጌልድ፣ ኡንሩ፣ ገና በልጅነቱ የገባው አሌክሳንደር ሃከ፣ ከሃምቡርግ የመጡት ኤፍ ኤም አይንሃይት እና ማርክ ቹንግ። ጩኸቱ ሥርዓት ይዟል። «ዩ ጉንግ» የሚለው ዘፈን ምቱ ዳንስ ቤት ሊያስጨፍር ይችላል፤ የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ደግሞ አንዲት ብረት የለችበትም፣ የሰው ድምፅ ብቻ ተደራርቦ ነው የተሠራው። «ዜለ ብሬንት» ላይ ባርጌልድ በሹክሹክታ ይጀምርና ከሰው ጉሮሮ ይወጣል ብላችሁ የማትገምቱትን የሲቃ ድምፅ ያወጣል። ጃፓናዊው ዳይሬክተር ሶጎ ኢሺ በዚሁ አልበም ስም የሠራው ፊልምም አለ፤ ሥራ ባቆመ የብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲጫወቱ ታያላችሁ። «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» ይለኛል ጓደኛዬ። እውነት ነው፣ በዚያ መንገድ ከዚያ በላይ የሚኬድበት የለም። እኔም የምለው እሱን ነው። ጩኸትን እዚያ ጫፍ ካደረስከው በኋላ ያለህ ምርጫ መድገም ወይ ሌላ መንገድ መፈለግ ነው፤ እነሱ ሌላውን መረጡ።

ጓደኛዬ ሲሸነፍ የሚመዛት ካርድ የለንደኗ ታሪክ ናት። ጃንዋሪ 3 ቀን 1984፣ አይሲኤ የተባለው የኪነ ጥበብ ማዕከል። ከባንዱ የተወሰኑት ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር ሆነው የሲሚንቶ ሚክሰር፣ ጃክሃመርና የኤሌክትሪክ መጋዝ ይዘው መድረክ ወጡ። የመድረኩን ወለል መቦርቦር ሲጀምሩ አስተዳደሩ አስቆማቸው። ተመልካቹም ገብቶበት ግርግር ሆነ። ከስር ወዳለው የመንግሥት ዋሻ ሊደርሱ ነበር የሚል አፈ ታሪክ ሁሉ አለው። በ2007 አንዲት አርቲስት እዚያው ቦታ ላይ ድርጊቱን እንደ ቲያትር አድርጋ ደግማዋለች፤ ይህን ያህል ገናና ነው። ወሬው ጣፋጭ መሆኑን አልክድም። ችግሩ ሰው ሁሉ ባንዱን በዚህች ወሬ ብቻ ያውቀዋል። ሚክሰር ማንም ይከራያል፣ እኛ ሰፈር እንኳ ሞልቷል።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ቹንግም አይንሃይትም ሄዱ። ብረቱን በዋናነት ይቀጠቅጥ የነበረው አይንሃይት ስለነበር ብዙ አድማጭ ባንዱ በቃው አለ። ጓደኛዬም እዚህ ላይ ነው የወረደው። በ1996 የወጣው «ኤንደ ኖይ» ላይ ግን «ስቴላ ማሪስ» አለች። ባርጌልድና ተዋናይቷ ሜሬት ቤከር የሚቀባበሉት የፍቅር ዘፈን ነው፤ በህልም ውስጥ የሚፈላለጉና የሚተላለፉ ሁለት ሰዎች። እናቴ ሰምታ «ይሄኛው ደግ ነው» ብላለች። ለጓደኛዬ ይህ ማስረጃ ነው፣ እናት ከወደደችው አለቀ ማለት ነው።

ወደ እኔው ልምጣ። «ሳይለንስ ኢዝ ሴክሲ» በ2000 ወጣ። ዮኸን አርባይት በጊታር፣ ሩዶልፍ ሞዘር በምት መሣሪያ ገብተዋል። የአልበሙን ስም የያዘውን ዘፈን በጥሩ ማዳመጫ ስሙት። ባርጌልድ ማይክሮፎኑ አፍ ላይ ሲጋራ ያጨሳል። ሲስብ፣ ትምባሆው ሲንጣጣ፣ ጭሱን ሲተነፍስ ትሰማላችሁ። ከዚያ ምንም የለም። ዝም። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ስልኬ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ዝምታው የማይመች እስኪሆን ይቆይና ቤዝ ጊታሩ በቀስታ ይመጣል። እንግዲህ ይህን ሊሠራ የሚችለው ሃያ ዓመት ሙሉ ድምፅን ከብረት፣ ከድንጋይ፣ ከሞላ ሲፈለቅቅ የኖረ ሰው ነው። ላሜራ በመዶሻ ስትመታ ማንም ይሰማሃል። የሲጋራ ጫፍ ሲነድ እንዲሰማ ለማድረግ ግን ዙሪያውን ያለውን ሁሉ ማጽዳት አለብህ፤ ያ ደግሞ ከጩኸቱ ይከብዳል።

እዚያው አልበም ላይ «ዲ በፊንድሊሽካይት ዴስ ላንደስ» የሚል አለ። ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ስለተሠራው በርሊን ነው። ፖትስዳመር ፕላትስ የተባለው የከተማዋ አደባባይ ባዶ ሜዳ ሆኖ ቆይቶ በክሬን ተሞልቶ፣ መስታወት ሕንፃ በመስታወት ሕንፃ ላይ እየተነሳበት ነበር። ዘፈኑ አይጮህም፣ አይሳደብም። አዲሱ ከተማ ላይ ትካዜ ከላይ ሆና ስታንዣብብ ያሳያል፤ ገና ቀለሙ ያልደረቀውን ሕንፃ ወደፊት ፍርስራሽ ሆኖ ያየዋል። የባንዱ ስም ትክክለኛ ፍቺ ያገኘው ከሃያ ዓመት በኋላ በዚህ ዘፈን ነው ብል አላጋነንኩም። ያደገበት ሰፈር ፈርሶ ሌላ ነገር የተሠራበት የአዲስ አበባ ሰው ጀርመንኛ ሳይችልም ዜማው ምን እንደሚል ይገባዋል።

ፍርስራሽ ካነሳን አይቀር፦ በ2004 ምሥራቅ ጀርመኖች ፓርላማቸውን ያኖሩበት የሬፑብሊክ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተጫውተዋል። ሕንፃው አስቤስቶስ የሚባለው ለጤና አደገኛ የግንባታ ቁስ ተነቅሎለት አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ በኋላም ፈርሷል። ከባንዱ ጋር የዘመረው መዘምራን የተሰበሰበው ከአድማጮቻቸው ነው። ምክንያቱም ከ2002 ጀምሮ በኢንተርኔት ከአድማጩ ቀድመው ገንዘብ እየሰበሰቡ አልበም ይሠሩ ነበር፤ የከፈለ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ሲሠሩ በካሜራ ያያል፣ አስተያየትም ይሰጣል። ኪክስታርተር የሚባለው ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ገና ሊመጣ ሰባት ዓመት ይቀረዋል። የዚያ ዘመን ቅጂ «ግሩንድሽቱክ» ይባላል፤ ከአልበምነቱ ይልቅ ሐሳቡ ይበልጥብኛል።

«ላሜንት»ን ግን ማንም እንዲያልፈው አልፈቅድም። ዲክስማውደ የተባለችው የቤልጅየም ከተማ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ያዘዘቻቸው ሥራ ነው፣ 2014። እዚያ ውስጥ የጦርነቱ «የምት ቅጂ» የሚሉት አለ። አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ምት አንድ ቀን ነው። እያንዳንዱ የተዋጋ አገር አንድ የፕላስቲክ ቱቦ አለው። አገሩ ጦርነቱ ውስጥ ሲገባ ቱቦው መመታት ይጀምራል፣ ሲወጣ ዝም ይላል። በደቂቃ 120 ምት፣ ማለትም በደቂቃ 120 ቀን። ከ1914 ክረምት እስከ 1918 ኅዳር ድረስ ያለው ጦርነት አሥራ ሦስት ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። የሰው ድምፅ የአገሮቹን ስም በደረቁ ይጠራል። ማንም አያለቅስም፣ ዋሽንትም ቫዮሊንም ስሜት ሊቀሰቅስ አይመጣም። መሃል ላይ ቱቦዎቹ ተደራርበው ምቱ ጭፈራ ይመስላል፤ እግሬ አብሮ ሲንቀሳቀስ ያዝኩትና አፈርኩ። እያንዳንዷ እግሬ የመታችው ቀን ስንት ሺህ ሰው እንደወደቀበት ማሰብ ነው። ለጓደኛዬ ይህንን ሳስደምጠው እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ «እሺ፣ ይሄ ጥሩ ነው፣ ግን ዘፈን አይደለም» አለ። «ኮላፕስ»ን ዘፈን ነው የሚል ሰው!

የ«ታቡላ ራሳ»ዋን ጓደኛዬን ችላ አልኳት እንዳትሉኝ። የእሷ ነጥብ የ1993ቱ አልበም መሃል ላይ ስለሆነ ሁለቱም ወገን እዚያ አለ የሚል ነው። «ብሉመ» ልስልስ ነው፣ «ሄድክሊነር» ረጅምና ሻካራ ነው፣ የቀደሙት አምስቱም ገና አልተበተኑም። አስታራቂ ሐሳብ ይመስላል። እኔ ግን አስታራቂ አልበም አልወድም፤ ማዶና ማዶ ያለውን ሊያገናኝ ሲሞክር መሃል ላይ የሚያቅማማ ይመስለኛል። ይህን ስላት ምን እንዳለችኝ አልጽፈውም።

በ2024 «ራምፐን» ወጣ። ከብዙ ዓመት ጀምሮ መድረክ ላይ ሳያዘጋጁ በቦታው የሚፈጥሩትን ጨዋታ ራምፐን ይሉታል፤ አልበሙ ከዚያ ዓይነት ቅጂዎች ተነስቶ ነው የተሠራው። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ መድረክ መውጣት ወኔ ይጠይቃል። ሁሉም ቁራጭ እኩል አይደለም፣ አንዳንዱ ቢቀርም አይጎዳም ነበር።

ልትጀምሩ ካሰባችሁ በ«ኮላፕስ» አትጀምሩ፣ ትጠሉታላችሁ፣ ከዚያም በእኔ ትፈርዳላችሁ። «ስቴላ ማሪስ»ን ስሙ፣ ከዚያ «ሳይለንስ ኢዝ ሴክሲ»፣ ከዚያ ወደ ኋላ ወደ «ሃልበር ሜንሽ» ተመለሱ። በስልክ ስፒከር ግን አይሆንም። ሲጋራው አይሰማችሁም።